እርቃን ሥዕል ስታትሙ ወንበሩንም አትሙት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሥዕል በመሣልና በማስተማር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ስለ እርቃን ሥዕል በጋዜጣ ላይ ክርክር በተነሣ ቁጥር አንዱ ወገን «ነውር ነው» ይላል፤ ሌላው «ጥበብ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ነገሩም እዚያው ላይ ይቆማል። ሁለቱም ሥዕሉን ጨርሶ ሳያዩ ሊነገሩ የሚችሉ ቃላት ናቸው። የእኛ ልመና ከፍርዱ በፊት ሥዕሉ ላይ ያለው ነገር አንድ በአንድ እንዲታይ ነው። ገላው በምን ብርሃን ታየ? ልብሱ የት ሄደ? የተሣለችው ሴት ወዴት ታያለች? ቀለሙ እንዴት ተቀባ? ሰውንና ነገርን ሳያስውብ እንዳለ በሚያሳየው በእውነታዊ ሥዕል ታሪክ ሕዝቡን ያስቆጡት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ዝርዝሮች ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

ከፓሪስ እንነሣ። በ1863 አሌክሳንድር ካባኔል «የቬኑስ ልደት» የተባለ ሥዕሉን ሳሎን በሚባለው ታላቅ ዐውደ ርዕይ አቀረበ። 130 በ225 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዲት ሴት ምንም ሳትለብስ በባሕር ሞገድ ላይ ተንጋልላለች፤ ክንድዋን በግንባርዋ ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ከፈት ከደን ታደርጋለች፤ ከበላይዋ ክንፍ ያላቸው ሕፃናት ይበርራሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ናፖሊዮን ሦስተኛ ወደደውና ገዛው። በዚያው ዓመት ኤድዋር ማኔ «ኦለምፒያ»ን ሣለ፤ ለሕዝብ የታየችው ግን በ1865 ነው። 130.5 በ190 ሴንቲ ሜትር ናት። ቁመቱ ከካባኔል ሥዕል ጋር እኩል ሊባል ይችላል፤ ሁለቱም ሴቶች ጋደም ብለዋል፤ ሁለቱም አልለበሱም። በአንደኛዋ ፊት ሰው ተደስቶ አለፈ። በሁለተኛዋ ፊት የሚጮኸውና የሚሳለቀው ስለ በዛ ጠባቂ ቆመባት፤ ኋላም ከበር በላይ፣ ዓይን በቅጡ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ሰቀሏት። ዛሬ ሁለቱም በአንድ ሙዚየም፣ በፓሪሱ ኦርሴ፣ ይገኛሉ።

ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? የካባኔል ሴት ቦታም ዘመንም የላትም። ባሕሩ የትኛውም ባሕር ነው፤ ስሟ የአማልክት ስም ነው፤ ዓይኗ ተመልካቹን አይጠይቅም። ኦለምፒያ ግን የተኛችበት አልጋ የታወቀ የፓሪስ አልጋ ነው። አንሶላው ተጨማድዷል። አንገቷ ላይ ቀጭን ጥቁር ጥብጣብ፣ እጇ ላይ አምባር፣ ፀጉሯ ውስጥ አበባ አለ፤ ከጫማዋ አንዱ ከእግሯ ወልቋል። አገልጋይዋ በወረቀት የተጠቀለለ እቅፍ አበባ ይዛ መጥታለች፤ አበባውን የላከ ሰው እንዳለ ይገባናል። እግርጌ ጥቁር ድመት ጀርባዋን ቀስራ ቆማለች። «ኦለምፒያ» የሚለው ስም በዚያ ዘመን በፓሪስ ሴተኛ አዳሪዎች ዘንድ የተለመደ ስም ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀጥ ብላ ታየናለች፤ በሩን ገፍቶ የገባው ተመልካቹ ራሱ ይመስል።

ማኔ ይህን ከባዶ አላመጣውም። በወጣትነቱ ፍሎሬንስ ውስጥ የኢጣሊያዊውን ሠዓሊ የቲሲያንን «የኡርቢኖ ቬኑስ»፣ የ1538ቱን ሥዕል፣ እያየ ቀድቶት ነበር። አጋደሟ፣ የክንዷ አቀማመጥ፣ ሥዕሉን ለሁለት የሚከፍለው የግድግዳ መስመር ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። የቲሲያን እጅ ጣቶቹን ለስለስ አድርጎ ያጥፋል፤ የማኔ እጅ ግን ጭኑን ጫን ብሎ ይዟል፣ እንደሚከለክል እጅ። በቲሲያን እግርጌ የተኛው ውሻ በማኔ ዘንድ ድመት ሆኗል። የቲሲያን ሥዕል ውስጥም ልብስ አለ፦ ከበስተኋላ በሩቅ ሁለት አገልጋዮች ከሣጥን ውስጥ ልብስ ያወጣሉ። ልብሱ ግን ሩቅ ነው፤ ገና የሚለበስ ነው። ማኔ ጋ ያለው የወለቀ ጫማ ቅርብ ነው፤ አሁን የወለቀ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ልዩነት ሁለት ቃል አለው። እርቃን የጨዋ ቃል ነው፤ ራቁት የቤት ቃል ነው። የሳሎኑ ሕዝብ እርቃን ለማየት ለምዶ ነበር፤ ኦለምፒያ ራቁቷን መጣችበት።

ስለ ልብስ ይህን ያህል የምንናገረው ነገሩ ያለው እዚያ ስለ ሆነ ነው። በ1877 ቶማስ ኢኪንስ የተባለ የፊላዴልፊያ ሠዓሊ አንድ የእንጨት ቀራጭ በሥራ ላይ ሆኖ የሚታይበት ሥዕል ጨረሰ። ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ 51 በ66 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ቀራጩ ዊልያም ረሽ ከበስተኋላ በጨለማው ውስጥ ይሠራል። መካከል ላይ ሞዴሏ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፤ አጠገቧ አንዲት እናት የምትሆን ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፣ ልጅቷን ልትጠብቅ የመጣች ናት። ከሁሉ ፊት ለፊት፣ ብርሃኑ ደምቆ ባረፈበት ወንበር ላይ፣ የሞዴሏ ልብስ ተጥሏል፦ የውስጥ ልብሱ፣ ካልሲው፣ ቀሚሱ። በወቅቱ ጋዜጣ ላይ የጻፈ አንድ ሐያሲ ሥዕሉን ያበላሸው የሴቲቱ ገላ ሳይሆን ይህ የልብስ ክምር ነው ብሎ ወቀሰ። ሐያሲው ወቀሳው ላይ ተሳስቷል ብለን እናምናለን፤ ዓይኑ ግን ትክክል ነበር። ልብሱ ባይኖር ያቺ ሴት ሐውልት መስላ ታልፍ ነበር። ልብሱ ስላለ ከአንድ ሰዓት በፊት ከመንገድ የገባች፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለብሳ ወደ ቤቷ የምትሄድ ሰው ሆነች። ኢኪንስ ክብር የሰጣትም በዚሁ ነው፦ ጠባቂዋን አስቀመጠላት፤ ልብሷን አልደበቀባትም።

የኦሪት ዘፍጥረትን ንባብ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። «ዕራቁትህን እንደ ሆንህ ማን ነገረህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው የበለስ ቅጠል ተሰፍቶ ግልድም ከተደረገ በኋላ ነው። ኢጣሊያዊው ሠዓሊ ማሳቺዮ በ1420ዎቹ በፍሎሬንስ ብራንካቺ ጸሎት ቤት አዳምና ሔዋን ከገነት ሲባረሩ ሲሥል ያለ ቅጠል ነው የሣላቸው፤ አዳም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ያለቅሳል፣ ገላውን አይሸፍንም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ አንድ ሰው ቅጠል ጨመረላቸው፤ በ1980ዎቹ እድሳት ተነሣ። ቅጠሉ በነበረበት ዘመን ተመልካቹ የሚያየው ቅጠሉን ነበር። ቅጠሉ ሲነሣ ልቅሶው ታየ።

በቫቲካን ሲስቲን ጸሎት ቤት ግድግዳ ባለው በሚክኤላንጄሎ «የመጨረሻው ፍርድ» ላይ የሆነው ደግሞ ለባለሙያ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሥዕሉ በ1541 ተጠናቀቀ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ ከወሰነ በኋላ በ1565 ሠዓሊው ዳንኤሌ ዳ ቮልቴራ እርቃኖቹን እንዲሸፍን ታዘዘ። አብዛኛውን ጨርቅ የሣለው በደረቀው ልስን ላይ ነው። ቅድስት ካትሪናና ቅዱስ ብላዚዮስ ላይ ግን ልስኑን በመሮ ጠርቦ አውጥቶ በአዲስ እርጥብ ልስን ዳግመኛ ሣላቸው። በሁለቱ አሠራሮች መካከል ያለው ልዩነት የኬሚስትሪ ነው። በእርጥብ ኖራ ላይ የተቀባ ቀለም ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ አብሮ ይታሰራል፤ የግድግዳው አካል ይሆናል። በደረቅ ላይ የተቀባው በሙጫ ወይም በመሰል ማጣበቂያ ተይዞ ከላይ ይቀመጣል፤ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በ1994 ያበቃው እድሳት ከዳንኤሌ በኋላ ከተጨመሩት ጨርቆች የተወሰኑትን ማንሣት ሲችል የካትሪናን ቀሚስ ሊያነሣ አልቻለም፤ ከሥሩ የሚገኝ ነገር የለምና። ዛሬ በምስል ላይ የሚደረገው ድብዝዝታም የሚነሣና የማይነሣ አለው፤ ለኅትመት ተቆርጦ ዋናው ፋይል የተጣለበት ምስል ልክ እንደ ካትሪና ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንግባ፤ ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው። የኦለምፒያ ገላ «የሞተ ሰው ገላ ይመስላል»፣ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ስድብ ቴክኒካዊ ምክንያት አለው። በአካዳሚው፣ ማለትም በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ፣ ሥርዓት ተማሪው መጀመሪያ የታተመ ንድፍ፣ ቀጥሎ የጀሶ ሐውልት፣ በመጨረሻ ሕያው ሞዴል ይቀዳ ነበር። ሕያው ሰው ፊት ሲደርስ ዓይኑ በነጭ ጀሶ ተሞርዷል። ጀሶ ጠጉር የለውም፣ ጉልበቱ አይቀላም፣ ደም ሥሩ አይታይም። ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ በብሩህ ቦታና በጥላው መካከል ብዙ መካከለኛ ጥላዎች በቀስታ ይደረደራሉ፤ መጨረሻ ላይ ለስላሳ ብሩሽ ይታለፍባቸውና የብሩሽ ምልክት ይጠፋል። ንጹሕ የሚባለው ገላ ይህ ነበር።

ማኔ ብርሃኑን ከፊት አመጣው። ልዩነቱን ለማየት አንድ እንቁላል ይበቃል። እንቁላሉን ጠረጴዛ ላይ አድርገው መስኮቱ በስተግራዎ እንዲሆን ይቁሙ፤ ከብሩሁ ወደ ጨለማው የሚሄደውን ረጅም ሽግግር ያያሉ። ቀጥለው መስኮቱን ከጀርባዎ ያድርጉት። ሽግግሩ ይጠፋል፤ እንቁላሉ ሰፊ ብሩህ ክብ ሆኖ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀጭን ግራጫ ይቀራል። የኦለምፒያ ሆድና ጡት የተሣለው እንዲህ ነው፦ ሰፊ ብሩህ ስፍራ፣ ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለ ጠባብ መስመር። በሌሎች ሥዕሎች በብዙ እርከን ተከፋፍሎ የሚለሰልሰው ግራጫ እዚህ በአንድ ጠባብ ቦታ ተከማቸ፤ ያየውም ሰው «እድፍ ነው» አለ። ሠዓሊው ገላውን አላቆሸሸም፤ መብራቱን ቀየረ።

ጉስታቭ ኩርቤ ከዚያ በፊት በ1853 «ገላ ታጣቢዎቹ»ን ሲያሳይ ሌላ መንገድ ሄዷል። 227 በ193 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሸራ ላይ ከባድ ዳሌ ያላት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ያን ያህል ስፋት የሚገባው ለታሪክና ለሃይማኖት ሥዕል ነው በሚባልበት ዘመን የማትታወቅ የገጠር ሴት ያዘችው። ሠዓሊው ደላክሯ እንኳ፣ ራሱ በቀለም ድፍረቱ የተወቀሰው ሰው፣ በማስታወሻው የቅርጾቹ ተራነት ባልከፋ፣ የሐሳቡ ተራነት ግን ያስጠላል ብሎ ጽፏል። ልኩ ከክርክሩ ግማሽ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ጋዜጣ ላይ ሥዕል ሁሉ ቴምብር ስለሚያህል ይህ አይታይም።

በስቱዲዮ ውስጥ እውነታዊ እርቃን ሲሠራ ምን ይደረጋል? ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁንን እዚህ ላይ እንጻፈው፤ ክፍሉ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው የሚጠረጥረው ሌላ ነገር ነውና።

በመጀመሪያ ርቀት። 165 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላትን ቆማ ያለች ሞዴል ሙሉ አካል ለመሣል የቁመቷን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 5 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። ዓይናችን ከወለሉ 160 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነና 2 ሜትር ላይ ከቆምን እግሯን ለማየት ወደ 39 ዲግሪ ቁልቁል እናያለን፤ በ5 ሜትር ግን 18 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በቅርብ የተሣለ ሰው ጭንቅላቱ ገዝፎ፣ እግሩ ከላይ ታይቶ፣ ተንሸራቶ ሊወድቅ የደረሰ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ የተቀመጠ ወይም የተጋደመ አኳኋን መምረጥ ይሻላል። 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መድረክም ይረዳል።

ቀጥሎ ብርሃን። የአውሮፓ መጻሕፍት ሁሉ «የሰሜን መስኮት» ይላሉ፤ ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትምና ጥላው ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። አዲስ አበባ ላይ ይህ ምክር ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ከተማዋ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንታት ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ክረምቱ ደመናማ ስለሆነ ብዙ ቀን አይታወቅም፤ በሚያዝያና በግንቦት ግን ፀሐይዋ በሰሜኑ መስኮት ገብታ የጀመሩትን ሥዕል ታበላሻለች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በመስኮቱ ላይ ነጭ አቡጀዲ መወጠር። የተቀባ ወይም ቢጫ ግድግዳ ትይዩ ካለ ጥላው ውስጥ ቢጫ ይገባል፤ ያንንም በግራጫ ጨርቅ መሸፈን ነው።

ከዚያ ጊዜ። አንድ ሰው ሳይነቃነቅ በደህና የሚቆመው 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ 5 ደቂቃ ያርፋል። በሦስት ሰዓት ክፍለ ጊዜ ይህ ሰባት ጊዜ 20 ደቂቃ፣ ማለትም 140 ደቂቃ የሥራ ጊዜ ይሰጣል። የእግሩን ቦታ በጠመኔ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ከእያንዳንዱ ዕረፍት በኋላ ክብደቱ ወደ ሌላ እግር ይሄዳል። ቆሞ የቆየ ሰው ደሙ ወደ እጁና ወደ እግሩ ይወርዳል፤ መዳፉና እግሩ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይቀላሉ ወይም ይጠቁራሉ። ጀማሪ ይህን ሲያይ ቀለሜ ተሳሳተ ብሎ ያስተካክላል፤ ከዕረፍት በኋላ ደግሞ መልሶ ይቀይራል። የእጅና የእግር ቀለም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተወስኖ መያዝ አለበት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከአንድ ወገን ከተደረገ ያ ጎን ይቀላል፤ ክፍሉን ቀደም ብሎ ማሞቅ ይመረጣል።

ንድፉ ሲጀመር ግንበኛ የሚጠቀምበት ቱንቢ ያስፈልገናል። አንድ ሰው ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ሲጥል ከአንገቱ ጉድጓድ የወረደ ቀጥ ያለ ክር ክብደት በተሸከመው እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ወይም አጠገቡ ያርፋል። የተሸከመው ጎን ዳሌ ከፍ ይላል፤ በዚያው ጎን ትከሻ ዝቅ ይላል። ይህ መስመር ከተሳተ የቱንም ያህል ቆንጆ ቀለም ቢቀባ ሰውየው ይወድቃል። ሌላው የዘወትር ስሕተት ፊትን አስቀድሞ በዝርዝር መጨረስ ነው፤ ሸራው ያልቅና እግሩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይቆረጣል። በከሰል መጀመሪያ የጭንቅላቱን አናት፣ የእግሩን መጨረሻና የሁለቱን አጋማሽ ማመልከት ይቀድማል፤ በቆመ አዋቂ ሰው ላይ አጋማሹ በግምት ብሽሽቱ ላይ ነው።

በዘይት ቀለም ስንገባ የመጀመሪያው ሽፋን በተርፔንታይን የቀጠነ፣ የሚቀጥሉት ደግሞ የተልባ ዘይት እየበዛባቸው የሚሄዱ መሆን አለባቸው። ሲገለበጥ ቶሎ የሚደርቀው ከላይ ይደርቅና ከሥሩ ያለው ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሉሲየን ፍሮይድ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገላ የተጠቀመበት ክሬምኒትስ ነጭ የእርሳስ ነጭ ነው፤ ከባድና ሻካራ ስለሆነ ቆዳው ላይ ተከምሮ እንደ ሥጋ ይቆማል። መርዝ ነው። የሚጠቀም ሰው ጓንት ያድርግ፤ የደረቀውን በአሸዋ ወረቀት አይፋቅ፤ ስቱዲዮ ውስጥ ምግብ አይብላ። ቲታኒየም ነጭ ያን ያህል አደገኛ ባይሆንም ቀዝቃዛና ደፋኝ ስለሆነ ግማሹን መጠን መጠቀም ይበቃል።

ከሁሉ የበለጠ የምንጨነቅበት የእኛው ቆዳ ቀለም ነው። የውጭ መጻሕፍት የሚሰጡት የገላ ቀመር ነጭ፣ ቢጫ ኦከርና ቀይ ነው። ተማሪው ጠይም ሰው ሲሥል በዚህ ቀመር ላይ ጥቁር ይጨምራል፤ ገላው አመድማ ይሆናል። ብሩሁን ቦታ ለማንሣት ደግሞ ነጭ ይጨምራል፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከቆዳ ሁለት ዓይነት ብርሃን ይመለሳል። አንዱ ወደ ቆዳው ገብቶ በሜላኒንና በደም ተቀልሞ የሚወጣው ነው፤ በጠይም ቆዳ ላይ ይህ ያነሰና የሞቀ ነው። ሁለተኛው ከላይኛው ቅባት በቀጥታ የሚንጸባረቀው ነው፤ ይህ የመስኮቱን ቀለም ይይዛል፣ መጠኑም ለቀይም ለጠይምም ለጥቁርም ሰው ያው ነው። ስለዚህ ጠይም ገላ ላይ ነጸብራቁ ከአካባቢው ጎልቶ ይታያል፣ ቀዝቃዛም ነው።

ለመነሻ የምንመክረው እንዲህ ነው። ለመካከለኛው ገላ ሁለት እጅ በርንት ሲዬና (ቀይማ ቡናማ)፣ አንድ እጅ ቢጫ ኦከር፣ ሩብ እጅ አልትራማሪን ሰማያዊ። ለጥላው በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ) እና አልትራማሪን እኩል፣ ትንሽ ጥልቅ ቀይ ጣል ተደርጎበት፤ ጥቁር ቱቦ አይከፈትም። ለብሩሁ ስፍራ ሲዬናና ኦከር ከትንሽ ብርቱካናማ ጋር፤ ነጭ በቢላ ጫፍ ብቻ። ለነጸብራቁ ነጭ ከጥቂት አልትራማሪን ጋር፤ በትከሻ፣ በአፍንጫ፣ በጉልበት ጫፍ ላይ አንድ ጊዜ ተቀምጦ የማይነካ። የእጅ መዳፍና የእግር ውስጥ ለየብቻ ይቀላቀላሉ፤ ፈካ ያሉና ሮዝማ ናቸው።

ይህን ዕውቀት ይዘን ወደ ኦለምፒያ ስንመለስ አንድ እውነተኛ ቅሬታ ይኖረናል። አበባውን የያዘችው ጥቁር ሴት ሎር ትባል ነበር፤ ማኔ ስሟንና አድራሻዋን በደብተሩ መዝግቦ ስለ ነበር ታወቀ። አንሶላው በሰማያዊና በቢጫማ ነጭ በጥንቃቄ ተለይቷል፤ የሎር ፊት ግን ከጨለማው ግድግዳ ጋር ተቀራርቦ ቀርቷል። በ2019 ኦርሴ ሙዚየም ስለ ጥቁር ሞዴሎች ዐውደ ርዕይ አዘጋጅቶ ስለ እርሷ አብዝቶ ተናገረ። በሥዕሉ እርቃን የተከራከረው ዓለም ለብሳ የቆመችውን ሴት ከመቶ ዓመት በላይ አላያትም ማለት ነው።

ሁሉንም እውነታዊ እርቃን በጅምላ አንከላከልም። የኩርቤ «የዓለም መነሻ»፣ የ1866ቱ፣ 46 በ55 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ ለኦቶማኑ ዲፕሎማት ለካሊል ቤይ በግል የተሠራ ነው። ሥዕሉ ጭንቅላትም እጅም የለውም፤ ከጡት እስከ ጭን ብቻ ነው። አቀባቡ ድንቅ ነው። ነገር ግን ኦለምፒያን ኦለምፒያ ያደረጋት መልሳ የምታየው ዓይን እዚህ ተቆርጧል። ይህን ሥዕል አይቶ የሚከፋውን አንባቢ ኋላ ቀር ነህ የሚለው ሰው ይሳሳታል፤ የሚከፋበት ምክንያት ሥዕሉ ውስጥ አለ። በ1917 በሠዓሊው በሞዲሊያኒ ዐውደ ርዕይ ላይ የፓሪስ ፖሊስ ያነሣው ቅሬታ ግን እንዲህ ያለ መሠረት አልነበረውም፤ ያስቆጣው የብልት ጠጉር መሣሉ ነው። ጀሶ ጠጉር የለውም ያልነው ለዚህ ነው።

ስለ ሞዴሎቹም አንድ ነገር። የኦለምፒያ ሞዴል ቪክቶሪን ሞራን ራሷ ሠዓሊ ነበረች፤ በ1876 ሥራዋ በሳሎን ተቀባይነት አግኝቷል። ሥዕሉ ላይ ያለው የሕይወቷ ታሪክ አይደለም፤ የሥራ ቀኗ ነው። በሎንዶኑ ሮያል አካዳሚ ሴት ተማሪዎች እስከ 1893 ድረስ ከሕያው እርቃን ሞዴል መሣል አይፈቀድላቸውም ነበር፤ የተፈቀደውም በከፊል የተሸፈነ ወንድ ነው። ኢኪንስ በ1886 ሴት ተማሪዎች ባሉበት ክፍል የወንድ ሞዴል ሽርጥ በማንሣቱ የፔንሲልቫኒያ አካዳሚ ሥራውን እንዲለቅ ተገደደ። የሰውነት አሠራር ለሴትም ለወንድም ተማሪ አንድ ነው የሚለው አቋሙን እንደግፋለን፤ ሞዴሉና ተማሪዎቹ አስቀድመው የተስማሙበትን ነገር በመሀል መቀየርን ግን አንደግፍም። ስለዚህ በማንኛውም ስቱዲዮ እነዚህ እንዲከበሩ እንጠይቃለን፦ በጽሑፍ የተፈረመ ስምምነት፣ አኳኋኑና ሽፋኑ አስቀድሞ የተገለጸበት፤ ልብስ የሚቀየርበት መጋረጃ፤ በዕረፍት ጊዜ የሚደረብ ጋቢ፤ የተዘጋ በር፤ ስልክ ከክፍሉ ውጭ፤ አኳኋን ማስተካከል በቃል እንጂ በእጅ አለመሆኑ፤ በሰዓት የታወቀ ክፍያ። ሞዴሉ «በቃኝ» ካለ ያ ቀን ያበቃል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። ስለ እርቃን ሥዕል ስትጽፉ የሠዓሊውን ስም፣ ዓመቱን፣ ልኩን በሴንቲ ሜትርና የሚገኝበትን ቦታ ከሥሩ አስፍሩ። ምስሉን ለአንባቢዎቻችሁ የማይመጥን ሆኖ ካገኛችሁት የግድ አትሙት አንልም፤ ከማደብዘዝ ይልቅ ተዉትና በቃላት ግለጹት፤ የደበዘዘ ምስል አንባቢው ያልነበረውን ነገር እንዲያስብ ያደርጋል። ካተማችሁት ደግሞ ገላውን ብቻ ቆርጣችሁ አታውጡ። የሎርን ፊት፣ የወለቀውን ጫማ፣ ሹራብ የምትሠራዋን እናትና ልብሱ የተጣለበትን ወንበር ጨምራችሁ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
ሥዕል ሠሪዎችና አስተማሪዎች